የፋንታሲና የምስጢር መጻሕፍት ጥቆማ በኢንተርኔት እንዴት እንለዋወጥ?

“ጥሩ መጽሐፍ ጠቁሙኝ” ብሎ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ የጻፈ ሰው መልስ አያጣም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ርዕስ ይዘንብለታል፤ ከሃያው አንዱንም ሳይጀምር ወሩ ያልፋል። እኔ ጎንደር ተቀምጬ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳርና ከሐዋሳ አንባቢዎች ጋር ጥቆማ መለዋወጥ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ጥቆማ የሚሰምረው ጠያቂው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ ከጥያቄው ጀምሩ። መጨረሻ የወደዳችሁትን መጽሐፍ አስቡና በምን እንደያዛችሁ ለራሳችሁ መልሱ። መርማሪው ነው? ከተማው ነው? ወይስ ጥርጣሬው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲዞር? ቀጥሎ ጀምራችሁ ያቋረጣችሁትን አንድ መጽሐፍ ጨምሩ፤ የተተወ መጽሐፍ ከተወደደው ይበልጥ ስለ አንባቢው ይናገራል። ጥያቄው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“በቅርቡ አንድ የምስጢር ልብ ወለድ ጨርሻለሁ፤ የወደድኩት ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ የአንድ ሰፈር ጎረቤቶች በመሆናቸው ነው። ደም የበዛበትን አልችልም፤ ከዚህ በፊት አንዱን በዚህ ምክንያት አቋርጫለሁ። በአማርኛ ቢሆን፣ ከ300 ገጽ ባይበልጥ ደስ ይለኛል።”

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለት ወይም ሦስት መልስ ብቻ ቢመጣ ነው። ሁለቱ ግን የሚነበቡ ናቸው።

ቀጥሎ የምትፈልጉትን ዓይነት ለዩ። ፋንታሲ፣ ማለትም አስማት ያለበት ልብ ወለድ፣ እወዳለሁ ማለት ወጥ እወዳለሁ እንደማለት ነው፤ ቀይ ይሁን አልጫ፣ የጾም ይሁን የፍስክ አልታወቀም። የራሱ ካርታና ነገሥታት ያሉት ሌላ ዓለም ነው ወይስ አስማቱ እኛ በምናውቀው ከተማ ውስጥ የሚገባ? አስማቱስ ሕግ አለው? አሜሪካዊው የፋንታሲ ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን፣ ደራሲ ችግርን በአስማት ፈትቶ አንባቢን ሊያሳምን የሚችለው አንባቢው አስማቱን በተረዳው መጠን ነው ይላል። ይህን የሚወድ አንባቢ አለ። አስማቱ እንደ ተረት ጭጋግ ሳይገለጥ ቢቀር የሚመርጥም አለ። ለሁለቱ አንድ መጽሐፍ መጠቆም ሁለቱንም ማስከፋት ነው።

የምስጢር አንባቢ ደግሞ ፍትሕ ይፈልጋል። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ታሪክ አሥር ደንቦችን አውጥቶ ነበር። ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መታየት አለበት፤ ከአንድ በላይ የምስጢር መተላለፊያ አይፈቀድም፤ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ፈጽሞ አይገባም። ዛሬ ይህን ደንብ የሚጥሱ ግሩም መጻሕፍት ሞልተዋል። ሆኖም ፍንጭ እየለቀመ ገዳዩን ራሱ ሊደርስበት የተቀመጠ ሰው መጨረሻ ላይ ጠንቋይ ቢመጣበት እንደተታለለ ይሰማዋል። በቤቱ ውስጥ መንፈስ ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ጥቆማውን ስትጽፉ ርዕሱን በሽፋኑ ላይ እንዳለ፣ ከደራሲው ስም ጋር አስቀምጡ። ትርጉም ከሆነ የተርጓሚውን ስምና የመጀመሪያውን ርዕስ ጨምሩ፤ በአማርኛ ሲተረጎም ርዕሱ የሚለወጥ መጽሐፍ ብዙ ነውና ጓደኛችሁ ቀድሞ ያነበበውን ዳግመኛ እንዳይገዛ። ተከታታይ ከሆነ ስንተኛው ክፍል እንደሆነና ተከታታዩ ማለቁን ግለጹ። ሦስተኛውን ክፍል አንደኛው መስሎት የጀመረ ሰው ሁለተኛ አያምናችሁም። መጽሐፉ የሚከብድበትንም ቦታ አትደብቁ፤ “እስከ 60ኛው ገጽ ቀስ ይላል፣ ከዚያ በኋላ አይለቅም” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ አንባቢን ከማቋረጥ አድኗል። ውዳሴ ብቻ የሞላበትን ጥቆማ እኔ አላምንም።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ላይ ደረስን፤ ምስጢሩን መጠበቅ። አንድ የነሐሴ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብርድ ልብስ ተከናንቤ 212ኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። የቀረኝ ሃምሳ ገጽ አይሞላም። ስልኬን ሳነሳ አንድ የቡድናችን አባል “ሐኪሙ ገዳይ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም” ብሎ ጽፏል። መጽሐፉን ዘጋሁት፤ የቀረውን እስከ ዛሬ አላነበብኩም። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ ተደስቶ ነው የጻፈው።

መፍትሔውን ያገኘነው ከልጅነት ጨዋታችን ነው። “እንቆቅልሽ” ያለ ሰው “ምን አውቅልህ” ከተባለ በኋላ መልሱን ዘሎ አይናገርም፤ ያቃተው “አገር ስጠኝ” እስኪባልና አገር እስኪሰጥ ይጠብቃል። በቡድናችንም መጨረሻውን ማወቅ የፈለገ ሰው “ጎንደርን ሰጥቻለሁ” ብሎ ይጽፋል፤ ያን ጊዜ ብቻ ይነገረዋል፣ እሱም በድብቅ ጽሑፍ። ቴሌግራም ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አለው። የሚደበቀውን ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ በጣታችሁ ተጭናችሁ ምረጡ፣ ከሚመጣው ዝርዝር “ስፖይለር” የሚለውን ንኩና ላኩ። ጽሑፉ ተሸፍኖ ይታያል፤ የሚገለጠው አንባቢው ሲነካው ነው። በኮምፒውተር ከሆነ ከዓረፍተ ነገሩ በፊትና በኋላ ሁለት ሁለት ቋሚ መስመር መጻፍ ይበቃል። የመጽሐፉን ርዕስ ግን ከተደበቀው ጽሑፍ ውጭ ተዉት፤ ካልሆነ ሰው የየትኛውን መጽሐፍ ምስጢር እየገለጠ እንደሆነ አያውቅም።

መጽሐፉን ስለማግኘት፦ በየቡድኑ ስካን የተደረገ መጽሐፍ ሲለጠፍ ዝም አትበሉ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት ሥራ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ከሕጉም በላይ፣ በአማርኛ ምስጢርና ፋንታሲ የሚጽፉ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የአንዱ መጽሐፍ በነፃ ከተበተነ ሁለተኛውን የሚያሳትምበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? በጎንደር ያላችሁ መጽሐፉን ራሱን ተዋዋሱ። ፒያሳ አካባቢ ቀን ላይ ቡና ቤት ተገናኙ፣ የተዋሰውን ሰው ስምና ቀኑን በብጣሽ ወረቀት ጽፋችሁ በሽፋኑ ውስጥ አስገቡ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ሦስት አራት ሆናችሁ በአንድ ላይ አስመጡ።

የሚቀረው መልስ መመለስ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚረሳውም ይህንን ነው። የጠቆማችሁን ሰው ስምና መጽሐፉን በደብተር ያዙ፤ ኢንተርኔት በሚጠፋባቸው ቀናትም ደብተሩ አይጠፋም። ስትጨርሱ ወይም ስታቋርጡ ለሰውየው ጻፉለት። አንዲት የአዘዞ አንባቢ ከአራት ወር በኋላ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ “90ኛው ገጽ ላይ ተውኩት። ንግሥቲቱን ወድጃት ነበር፤ ጦርነቱ ግን ሰለቸኝ።” በዚያው ማታ ንግሥት ያለበት፣ ጦርነት የሌለበት አንድ ፋንታሲ ጠቆምኳት። በሦስተኛው ቀን “ጨረስኩት፤ ሁለተኛው ክፍል የት ይገኛል?” የሚል መልእክት ደረሰኝ።