ከዳላስ ወደ ጓዳሉፔ ተራሮች፦ የሃይኪንግና የካምፒንግ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ቴክሳስ ሜዳ ብቻ ነው ያለው ማነው? ምዕራብ ጫፉ ላይ፣ ከኒው ሜክሲኮ ድንበር አጠገብ፣ ከበረሃው መሀል የጓዳሉፔ ተራሮች ቀጥ ብለው ይነሳሉ። ከ1972 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የቴክሳስ ከፍተኛው ጫፍ ጓዳሉፔ ፒክም እዚሁ ነው፤ 2,667 ሜትር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፓርኩ ውስጥ ሱቅ የለም፣ ምግብ ቤት የለም፣ ነዳጅ የለም፣ ሻወርም የለም። የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ ከመኪናችሁ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ ወቅቱን ምረጡ። ምርጡ ጊዜ ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብረቅ ያለው ዝናብ ይመጣል፤ ጫፍ ላይ ሆናችሁ መብረቅ እንዲያገኛችሁ አትፈልጉም። ዊንተሩና ስፕሪንጉ የነፋስ ነው። እንደ ዋዛ የሚታይ ነፋስ እንዳይመስላችሁ፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነፍስ ድንኳን ነቅሎ ይወስዳል።

ቀኑን ከወሰናችሁ ወዲያው ቦታ ያዙ። መኪና የሚደርስበት ካምፕ ፓይን ስፕሪንግስ ይባላል፤ ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ በሚባለው ድረ ገጽ ይያዛል። የኦክቶበርና የኖቬምበር ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚህ «ሰዉ ይሰብሰብና እናያለን» አይሠራም። ተራራው ላይ ማደር ከፈለጋችሁ ደግሞ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋል።

መንገዱ ከዳላስ 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከኤል ፓሶ ግን ከ2 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ አንዳንዱ እስከዚያ በአውሮፕላን ሄዶ መኪና ይከራያል። እንደዚያ ከሆነ የቡታጋዝ ቆርቆሮውን እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ግዙ፣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ፓርኩ ከመድረሳችሁ በፊት ባለው የመጨረሻ ከተማ ነዳጅ ሙሉ። ስልካችሁ ላይ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ ኔትወርክ አትመኑ። ሰዓቱም ከዳላስ በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ውሃ። ካምፑ ውስጥ የሚጠጣ ውሃ አለ፤ ከካምፑ ወጥታችሁ ተራራውን ከጀመራችሁ ግን አንዲት ጠብታ አታገኙም። ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን ነው ሂሳቡ። ወደ 4 ኪሎ ይመዝናል፣ ዳገቱ ላይ ትከሻ ይቆርጣል፣ ከሁለት ቀን በፊት የተዋወቃችሁት ጓደኛ «ለእኔም ያዝልኝ» ማለቱ አይቀርም። አትያዙለት፤ ሁሉም የራሱን ይያዝ። እላይ ካደራችሁ ደግሞ የማብሰያውም ውሃ ከታች ነው የሚሸከሙት። ግማሹን ጠጥታችሁ ገና ጫፍ ካልደረሳችሁ ተመለሱ።

ስንቅ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ሌላው ሰው በውድ ዋጋ ጀርኪ ይገዛል፣ እኛ ቋንታ አለን። ጭኮ ትንሹ ብዙ ያጠግባል፣ ጨው ያለው ቆሎ ለላብ ጥሩ ነው፣ በሶ ደግሞ ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ መጠጣት ነው፤ ምድጃም አይፈልግም። ለቡና ግን ተጠንቀቁ። አካባቢው ደረቅና ነፋሻ ስለሆነ እንጨትም ከሰልም ማንደድ ክልክል ነው። ቤት ተቆልቶ የተፈጨውን ይዛችሁ ጀበናውን ቡታጋዝ ላይ ጣዱ። ዕጣኑ ቤት ይቅር፣ የዕጣን ከሰልም ከሰል ነው።

የካምፑ መሬት ጠጠር ነው። ቀጫጭን ችካል ይጣመማል፤ ጠንካራ ችካል፣ መዶሻና ተጨማሪ ገመድ ያዙ። ስትተክሉም ሁሉንም ገመድ ወጥሩ፣ ማታ ጸጥ ብሎ ነበር ብላችሁ አትዘናጉ። ካምፑ 1,775 ሜትር ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጃኬትና ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ያስፈልጋል።

ወደ ጓዳሉፔ ፒክ የምትወጡበት ቀን ንጋት ላይ ተነሱ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪም አትርሱ። ደርሶ መልስ 13.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከ900 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል። «እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል» የሚል ሰው አይጠፋም። ዳላስ ዓመታት የተቀመጠ ሳንባ ያንን ረስቶታል፣ ቀስ በሉ። በጣም የሚከብደው መጀመሪያ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ጠዋት በጥላ ካለፋችሁት ሌላው ይቀላል። ከፍ ስትሉ ቁልቋሉ ቀርቶ ጥድ ይመጣል። እዚያ አካባቢ ጫፍ የሚመስል ቦታ አለ፣ አይደለም፤ ገና 1 ማይል ያህል ይቀራችኋል። እውነተኛው ጫፍ ላይ የብረት ፒራሚድ ቆሟል።

ስታርፉ የተቀመጣችሁበትን ድንጋይ ተመልከቱት። ተራራው ከ260 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ውስጥ የነበረ ሪፍ፣ ማለትም የባሕር ፍጥረታት የገነቡት የድንጋይ ግድግዳ፣ ስለሆነ የባሕር እንስሳት ቅርጽ ድንጋዩ ላይ ይታያል። ፎቶ አንሱ፣ ኪስ ውስጥ መክተት ግን በሕግ ያስጠይቃል።

ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር መጀመሪያ ከሄዳችሁ አንድ ቀን ጨምሩና ማኪትሪክ ካንየን የሚባለው የፓርኩ ሸለቆ ግቡ፣ የሜፕል ዛፎቹ ቀይ የሚሆኑት ያኔ ነው። እዚያ በር ላይ ማደር የለም፣ በሩም ወደ ማታ ይዘጋል። የሚዘጋበትን ሰዓት ስትገቡ አንብቡት፣ መኪናችሁ ተቆልፎበት እንዳይቀር።