አውስትራሊያ ውስጥ ፓራሜዲክ ለመሆን ስታመለክቱ የሚያሰናክሏችሁ ስህተቶች

አውስትራሊያ ውስጥ ፓራሜዲክ ነኝ፤ አምቡላንስ ላይ ድንገተኛ ሕክምና እሰጣለሁ ማለት ነው። ከአገር ቤት፣ ከአረብ አገርና ከሌላም ቦታ የሚመጡ የሙያ ባልደረቦች ከማመልከታቸው በፊት ወረቀታቸውን እንድመለከትላቸው ይልኩልኛል። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። ነገር ግን ማመልከቻውን የሚመረምረው ሰው ሥራቸውን አላየም፤ የሚያየው ፋይላቸውን ብቻ ነው። ፋይሉ ላይ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች እዚህ ልንገራችሁ።

ቦርዱንና ቀጣሪውን አንድ አድርጎ ማየት

ፓራሜዲክነት በመላው አውስትራሊያ በአንድ ሥርዓት የሚመዘገብ ሙያ የሆነው ከዲሴምበር 1 ቀን 2018 ጀምሮ ነው። መዝጋቢው የአውስትራሊያ የፓራሜዲክ ቦርድ ነው። ማመልከቻውን ተቀብሎ የሚያስተናግደው አፕራ የሚባለው የጤና ባለሙያዎች ምዝገባ አስተዳዳሪ መሥሪያ ቤት ነው። አምቡላንስ ቪክቶሪያ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ አምቡላንስ፣ የኩዊንስላንድ አምቡላንስ ሰርቪስ ደግሞ ቀጣሪዎች ናቸው። በዌስተርን አውስትራሊያና በኖርዘርን ቴሪቶሪ አገልግሎቱን የሚሰጠው ሴንት ጆን ነው። ቦርዱ መዘገባችሁ ማለት ቀጣሪው የግድ ይወስዳችኋል ማለት አይደለም። ለቪዛ የሚደረገው የሙያ ምዘና ደግሞ ሦስተኛ፣ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። "ለቪዛ ሙያዬ ጸድቆልኛል፣ ለምን እንደገና እጠየቃለሁ?" ሲሉ በጣም እሰማለሁ። ያኛውን ያጸደቀው ሌላ አካል ነው፤ የመዘነውም ለሌላ ጉዳይ ነው።

ምንም የማይናገር የሥራ ልምድ ደብዳቤ

ይሄኛው ላይ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። የአገር ቤቱን ደብዳቤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በአምቡላንስ ባለሙያነት ሲሠሩ ቆይተው በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀዋል። ወርኃዊ ደመወዛቸው ይህን ያህል ነበር። የሥራ ግብር ተቆርጦ ገቢ ሆኗል። ከማንኛውም ዕዳ ነፃ ናቸው።" ፊርማ፣ ማኅተም፣ አለቀ።

ይህ ደብዳቤ እዚያው አገር ለሚቀጥለው ቀጣሪ ይበቃል። እዚህ ላለው መርማሪ ግን ባዶ ወረቀት ነው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው እናንተ ራሳችሁ በእጃችሁ ምን ትሠሩ እንደነበር ነው። የአየር መተላለፊያ ቱቦ ታስገቡ ነበር? በደም ሥር መድኃኒት ትሰጡ ነበር? ከሰጣችሁ በራሳችሁ ውሳኔ ነው ወይስ ሐኪም አዝዞ? ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) አንስታችሁ ታነቡ ነበር? የልብ ምት ሲቆም በዲፊብሪሌተር (ለልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት በሚሰጠው መሣሪያ) የሚጠቀመው ማን ነበር? ትሄዱ የነበረው ለድንገተኛ ጥሪ ነው ወይስ ታካሚ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ለማድረስ? አብሯችሁ ሐኪም ነበር ወይስ እናንተ ነበራችሁ ኃላፊው?

አንዲት እህታችን በገጠር ወረዳ አምቡላንስ ላይ ዓመታት ሠርታለች። አገር ቤት የወረዳ አምቡላንስ ሥራ በአብዛኛው ምጥ የያዛት እናት እንደሆነ ታውቃላችሁ። መኪናው ውስጥ አዋልዳለች። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም እያስቆመች በኮረኮንች መንገድ ሄዳለች። አዲስ የተወለደ ሕፃን በአምቡ ባግ፣ በእጅ በሚጨመቀው የመተንፈሻ ከረጢት፣ አስተንፍሳለች። እዚህ አገር ስንት ዓመት ሠርቶ አንድም ጊዜ ያላዋለደ ፓራሜዲክ አለ። የእሷ ፋይል ላይ ግን ይህ ሁሉ ሥራ "የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን" በሚል አንድ መስመር ታልፏል። ደብዳቤውን ለማሻሻል የቀድሞ አለቃዋን ስትፈልግ ሰውየው ተዛውሯል፤ አዲሱ ኃላፊ ደግሞ አያውቃትም።

ስለዚህ ሥራውን ከመልቀቃችሁ በፊት ዝርዝሩን ራሳችሁ ጻፉት። ኃላፊያችሁ አንብቦ፣ እውነት መሆኑን አረጋግጦ፣ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ላይ ያትምላችሁ። የፈረመው ሰው ሙሉ ስም፣ የሥራ ኢሜይልና ስልክ ይኑርበት። በሳምንት ስንት ሰዓት ትሠሩ እንደነበር ይገለጽ። የሥራ መዘርዝርና የምትሠሩበት ፕሮቶኮል ካለ አያይዙ። ከትምህርት ቤታችሁም እያንዳንዱ ኮርስ ምን እንደሚያስተምር የሚያሳየውን ካሪኩለምና የተግባር ልምምድ ሰዓታችሁን ውሰዱ። ትራንስክሪፕት የኮርሱን ስም እንጂ ውስጡን አይናገርም።

ደግሞ አታጋንኑ። ያልሠራችሁትን ያስጻፋችሁ እንደሆነ የብቃት ምዘናው ላይ ያንኑ ሥሩ ትባላላችሁ።

ነርስ ሆኖ በፓራሜዲክነት ማመልከት

አገር ቤት አምቡላንስ ላይ የሚሠሩ ብዙዎች ነርሶች ናቸው። እዚህ ነርስ የሚመዘገበው በነርሶችና አዋላጆች ቦርድ ነው። አምቡላንስ ላይ አሥር ዓመት መሥራት የነርስን ዲግሪ የፓራሜዲክ ዲግሪ አያደርገውም። ነርሶች መጀመሪያ በነርስነት ተመዝገቡ። ከዚያ ፓራሜዲክ መሆን የምትፈልጉ ከሆነ ለነርሶች የተወሰነ ኮርስ የሚቀንሱ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።

በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ለሠለጠናችሁም እውነቱን ልንገራችሁ። ቦርዱ ትምህርታችሁን የሚያወዳድረው እዚህ ካለው የፓራሜዲክ ትምህርት ጋር ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የ3 ዓመት ዲግሪ ነው። ተቀራራቢ ሆኖ ካገኘው ተጨማሪ ምዘና ሊጠይቃችሁ ይችላል። በጣም ከራቀ ግን የሥራ ልምዱ ብቻውን ክፍተቱን አይሞላም። መስማቱ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የማመልከቻውን ገንዘብ ከፍላችሁ ወራት ጠብቃችሁ ከምትሰሙት አሁን ብትሰሙት ይሻላል።

የቀንና የስም ምስቅልቅል

ዲግሪው በፈረንጅ አቆጣጠር 2018 ይላል። የሥራ ልምዱ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2011 ይላል፤ "ዓ.ም." የሚለው ሲተረጎም ጠፍቷል። መርማሪው የሚያየው ከመመረቁ 7 ዓመት በፊት ሥራ የጀመረ ሰው ነው። ከዚያ የማብራሪያ ጥያቄ ይመጣል፣ ፋይሉም ይቆማል። ተርጓሚው ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን እንዲጽፍ ንገሩት።

ስምም እንደዚሁ። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ "ኤስ"፣ ዲግሪው ላይ በሁለት። አንዱ ወረቀት የአያት ስም አለው፣ ሌላው የለውም። አገር ቤት ሳላችሁ የሚስተካከለውን አስተካክሉ። የማይስተካከለውን በቃለ መሐላ ሰነድ አያይዙት።

ስቱደንት ኮፒ መላክ

ለተማሪው የሚሰጠው የትራንስክሪፕት ኮፒ አይሠራም። ኦፊሻሉን አስወጡ፤ ኮስት ሼሪንግ ያልከፈላችሁም ቀድማችሁ ጨርሱ።

ጉድ ስታንዲንጉን ራስ ይዞ መምጣት

በሙያ ፈቃዳችሁ ላይ ችግር እንደሌለ የሚገልጸው ደብዳቤ ፈቃዱን ከሰጠው አካል በቀጥታ ወደ አፕራ መላክ አለበት። በእናንተ እጅ ያለፈ አይቀበሉም። የሠራችሁበት አገር ሁለትና ሦስት ከሆነ ከሁሉም ነው የሚጠየቀው። የወንጀል ምርመራውም እንደዚያው የኖራችሁባቸውን አገሮች ይከተላል፤ አረብ አገር የነበራችሁ ይህን አትርሱ።

የእንግሊዝኛ ፈተናን ቀድሞ መፈተን

የአይኤልትስም ሆነ የኦኢቲ ውጤት በመሠረቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ብዙ ሰው በወኔ መጀመሪያ ይፈተናል። ከዚያ ወረቀት ሲያሳድድ ጊዜው ያልፍበታል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ አስቸጋሪው ሰነድ ሲሟላ ተፈተኑ። "ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት" ማለት ብቻውን አያድንም።

ሳይመዘገቡ "ፓራሜዲክ ነኝ" ማለት

ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። ሳይመዘገብ የተጠቀመበት ሰው እስከ 60,000 የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት፣ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም ሁለቱም ሊደርስበት ይችላል። ፌስቡካችሁንና ሲቪያችሁን ዛሬውኑ እዩ።

ከስቴት ወደ ስቴት ሲዛወሩ ደረጃው አብሮ የሚሄድ መምሰል

ይህ እዚሁ ለተመዘገባችሁ ነው። ምዝገባው አገር አቀፍ ስለሆነ አብሯችሁ ይሄዳል፤ እድሳቱም የትም ብትኖሩ በየዓመቱ እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ደረጃችሁ ግን የቀጣሪው ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ ማይካ የሚባለው፣ ኩዊንስላንድ ክሪቲካል ኬር የሚለው፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ኢንቴንሲቭ ኬር የሚለው ከፍተኛ የፓራሜዲክ ደረጃ በቦርዱ መዝገብ ላይ የለም። አዲሱ ቀጣሪ እንደገና መዝኖ ነው የምትሰጡትን መድኃኒትና የምትሠሩትን ሥራ የሚወስነው። በየትኛው ደረጃ እንደሚወስዳችሁ በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ የያዛችሁትን ሥራ አትልቀቁ።

በድሮው ቤት ፕሮቶኮል መመለስ

ቪክቶሪያና ኩዊንስላንድ የሕክምና መመሪያቸውን ለሁሉም ክፍት አድርገው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠውታል። ከቃለ መጠይቁ በፊት አንብቡት። እዚህ አድሬናሊን ነው እንጂ ኤፒኔፍሪን አይባልም። ሳልቡታሞል ነው፣ አልቡቴሮል አይደለም።

የደም ስኳር መለኪያውን ደግሞ ከእንቅልፋችሁ ብትቀሰቀሱ እንኳ እንድትመልሱት አድርጋችሁ ልመዱ። አንድ ወንድማችንን ለምዘና ሳለማምደው "ታካሚው ራሱን ስቷል፣ ስኳሩ 3.1 ነው" አልኩት። ዝም አለ። 56 ብለው ኖሮ ግሉኮሱን ወዲያው ያነሳ ነበር። አገር ቤት በሚሊግራም ነው የምንለካው፣ እዚህ በሚሊሞል። ሚሊሞሉን በ18 አባዙት፣ ሚሊግራሙን ታገኛላችሁ። በሚሊሞል ከ4 በታች ከሆነ ዝቅ ብሏል።

መንጃ ፈቃድን መርሳት

አገር ቤት አምቡላንሱ ሹፌር አለው። እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ባለሙያዎች ተራ በተራ ያክማሉ፣ ተራ በተራ ይነዳሉ። ያውም በግራ በኩል። የውጭውን መንጃ ፈቃድ ወደ አውስትራሊያው ማስቀየር ፈተና ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንድ ቀጣሪም የጀማሪ ፈቃድ አይቀበልም። እንደገባችሁ ጀምሩት። ቃለ መጠይቁን በጥሩ ውጤት አልፎ መንጃ ፈቃዱ ስላልደረሰለት የሥልጠና ዙሩ ያመለጠው ልጅ አውቃለሁ፤ ቀጣዩ ዙር እስኪከፈት መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ከረመ።