ክስዎን የትኛው ፍርድ ቤት ይዘው ይሂዱ? ከመዝገብ ቤት እስከ አፈጻጸም

ፍርድ ቤት ሊሄድ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው "እረታ ይሆን?" የሚለው ነው። ከሱ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ የትኛው ፍርድ ቤት? በኢትዮጵያ ሁለት መሰላል ጎን ለጎን ቆሟል። አንዱ የፌዴራል ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። ሌላው የየክልሉ ነው፤ ወረዳ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ። መሰላሉን የተሳሳተ ሰው ስንት ቀጠሮ ተመላልሶ "ሥልጣን የለንም" ተብሎ መዝገቡ ይዘጋበታል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ባሕር ዳር የምትኖር ሴት ለዘመዷ 300,000 ብር አበደረች እንበል። ውሉ የተፈረመው እዚያው ባሕር ዳር ነው። ቀኑ አለፈ፣ ገንዘቡ አልተመለሰም፣ ሽማግሌም ተልኮ አልሆነም።

መጀመሪያ፦ ጉዳዩ የክልል ነው ወይስ የፌዴራል?

ተበዳሪው የባሕር ዳር ነዋሪ ከሆነ ጉዳዩ የክልል ነው። ኑሮው አዳማ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በተለያየ ክልል በቋሚነት የሚኖሩ ሰዎች ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነውና። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተከራካሪ የሆነበት ክስም እንደዚሁ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ተከሳሹ ከውጭ የመጣ ዘመድ ሲሆን ነው። ተበዳሪው የአሜሪካ ፓስፖርት ካለው በሕጉ የውጭ አገር ዜጋ ነው፤ ጉዳዩም የፌዴራል ይሆናል። ስሙም መልኩም ሐበሻ መሆኑ አይቆጠርም። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱም፣ ዜጋ አያደርገውም። ስለዚህ ክስ ከመጻፍዎ በፊት የተከሳሹን ዜግነትና መኖሪያ አጣሩ።

ታዲያ ሴትዮዋ አዲስ አበባ ድረስ ልትንከራተት ነው? የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 ለዚህ መላ አበጅቶለታል። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃውን ሥራ፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛውን ሥራ ደርቦ ይሠራል። በሰፊው የውክልና ሥልጣን የሚባለው ይኸው ነው። እሷም ክሷን ለክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ታቀርባለች። አንድ ዳኛ ጠዋት የክልል ጉዳይ አይቶ ከሰዓት በፌዴራል ሥልጣን ሊያስችል ይችላል። ልዩነቱ ይግባኝ ላይ ይወጣል፤ የፌዴራል ጉዳይ ከክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኋላ በይግባኝ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

አዲስ አበባ ላይ ከሆኑ የገንዘቡን መጠን ይዩ። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ የፍትሐ ብሔር ክስ የሚጀመረው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በታች ያለው የመጀመሪያ ደረጃው ነው። የወራሽነት ማረጋገጫና የቀበሌ ቤት ክርክር ግን ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ነው የሚሄዱት።

ቀጥሎ፦ ማስረጃዎን ይቁጠሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ጉድ የሚሆነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ እምነት (ዕዳውን በማመን) ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። ያኔ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ የቤተሰብ ምሳ አትበቃም፤ ሕጉ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ "ሲቆጥሩ አይተናል" የሚሉ ምስክሮች ቢደረደሩም ብድሩን አያስረዱልዎትም። የባንክ ደረሰኝ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ብድር መሆኑን በራሱ አይናገርም። ተከሳሹ "የድሮ ዕዳውን ነው የከፈለኝ" ቢልስ? የተፈረመ ወረቀት ይሻላል። ለዘመድ ሲያበድሩ ማስፈረም ያሳፍራል፤ ቢሆንም ያስፈርሙ። ተበዳሪም ከሆኑ ሲመልሱ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ደንቡ ለመክፈሉም ይሠራል።

ክሱን መጻፍና መክፈት

የክስ ማመልከቻው ላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የሁለቱ ወገን ስምና አድራሻ፣ ነገሩ መቼና እንዴት እንደሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ለምን ሥልጣን እንዳለው፣ የገንዘቡ መጠንና የሚጠየቀው ዳኝነት ይሰፍራል። የሰነድና የምስክር ዝርዝር አብሮ ይያያዛል። "በኋላ አመጣለሁ" ያሉት ሰነድ ብዙ ጊዜ ተቀባይ አያገኝም። የጠየቁትን ነገር ቁልጭ አድርገው ይጻፉ፤ ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። ወለዱንና ወጪና ኪሳራውንም አይርሱ።

የዳኝነት ክፍያ አለ። አቅም ከሌለዎት ሳይከፍሉ ለመክሰስ እንዲፈቀድልዎ ያመልክቱ። ተከሳሹ ንብረቱን ሊሸጥ ነው የሚል ሥጋት ካለዎት ደግሞ የእግድ ወይም የማስከበሪያ አቤቱታውን ዛሬውኑ ያቅርቡ። ቤቱ ከተሸጠ በኋላ የሚመጣ እግድ ምን ይረባል?

ቀጠሮ አይቅሩ

ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ ደግሞ በሌለበት ይፈረድበታል። በሌሉበት እንደተፈረደብዎ ካወቁ፣ ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ይዘው ፍርዱ እንዲነሳ ይጠይቁ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ተከሳሹ መቃወሚያ ያነሳል። ሥልጣን የላችሁም፣ በይርጋ ታግዷል (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል)፣ ከዚህ በፊት ተፈርዶበታል፤ እነዚህ ናቸው የተለመዱት። መቃወሚያው ከታለፈ ዳኛው ጭብጥ ይይዛል (የሚያከራክረውን ነጥብ ይለያል)፣ ምስክር ይሰማል፣ ይፈርዳል። በመሀል ጉዳዩ ለፍርድ ቤት መር አስማሚነት ሊመራ ይችላል። እኔ ብጠየቅ፣ በተለይ በዘመድ መካከል ከሆነ፣ ሞክሩት ነው የምለው።

ይግባኝና ሰበር

የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይቀርባል። የፍርዱን ግልባጭ በዕለቱ ይጠይቁ፤ ቀኑ የሚያልቀው ግልባጭ ሲጠበቅ ነው። ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም፤ የእግድ ትዕዛዝ ለብቻው መጠየቅ አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው ይግባኙ ሲሰማለት ቤቱ በሐራጅ ይወጣበታል።

ሰበር የመጨረሻ ፍርድ የሕግ ስህተት እንዳለበት የሚመረመርበት ችሎት ነው፤ ሦስተኛ ይግባኝ አይደለም። "ምስክሬ አልታመነም" የሚል ቅሬታ እዚያ አይሰማም። የሚታየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ብቻ ነው፤ አቤቱታውም የመጨረሻው ፍርድ በተሰጠ በ90 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ሦስት ዳኞች ያጣሩታል፤ ያስቀርባል (ሊታይ ይገባዋል) ካሉ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ያዩታል። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የፌዴራሉንም የክልሉንም ፍርድ ቤቶች ያስገድዳል። ጠበቆች የሰበር መዝገብ ቁጥር በቃላቸው የሚይዙት ለዚህ ነው።

ፈረዱልኝ፤ ገንዘቤስ?

ፍርድ ወረቀት ነው። ባለዕዳው በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍታሉ፤ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር። የተከሳሹን ንብረት ፈልጎ ማሳየት ከእርስዎ ይጠበቃል፤ የትኛው ባንክ ሒሳብ እንዳለው፣ መኪናው በማን ስም እንደሆነ፣ ቤቱ የት እንዳለ። ፍርዱ በ10 ዓመት ውስጥ ካልተፈጸመ በይርጋ ስለሚታገድ፣ ዛሬ ባዶ እጁን ያገኙት ባለዕዳ ነገ ንብረት ሲያፈራ መዝገቡን ለማንቀሳቀስ ቁጥሩን ጽፈው ያስቀምጡ።