ለእባብ ቀለብ የሚሆን አይጥ በቤት ስለማርባት

በሱሉልታ ወይም በሰንዳፋ አካባቢ እባብ የሚያሳድግ ሰው ከጎተራ ሥር የተያዘ አይጥ ለእንስሳው ባይሰጥ ይመረጣል፤ መርዝ የበላ ወይም ጥገኛ ተውሳክ የተሸከመ ሊሆን ይችላልና። ነጭ አይጥ ማርባት ግን ብዙ ቦታ አይጠይቅም። አንድ ወንድ ከሁለት ወይም ከሦስት ሴቶች ጋር በአንድ ሣጥን ቢቀመጥ፣ እርግዝናው ከ19 እስከ 21 ቀን ብቻ ስለሚፈጅና እናቲቱ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ልትፀንስ ስለምትችል፣ የሚያስቸግረው ማነሳቸው ሳይሆን መብዛታቸው ነው። ስለዚህ ግልገሎቹ 21 ቀን ገደማ ሲሞላቸው ከእናታቸው ለይቶ ወንዱንና ሴቱን በየብቻቸው ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በጉዝጓዙ ነው። ከእንጨት ሥራ ቤት በነፃ የሚገኘው ሰጋቱራ የጥድ ከሆነ፣ ያ ለእኛ ደስ የሚለው ሽታ የአይጦቹን መተንፈሻ ይጎዳል፤ እኔ አቧራው በደንብ የተራገፈ የጤፍ ጭድ እመርጣለሁ። ጭዱ ሲገለጥ ዓይን የሚያቃጥል የሽንት ሽታ ከወጣ፣ መቀየሪያው ጊዜ አልፏል ማለት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ጥቂት ሶፍት ይጨመርላቸው፤ በማግስቱ እንደ ጥጥ ተባዝቶ፣ ክብ ጎጆ ሆኖ ይገኛል። አዲስ የተወለዱ ግልገሎች ያሉበትን ጎጆ ግን ለጥቂት ቀናት አለመነካካት ይሻላል፤ የተረበሸች እናት ልጆቿን ልትበላ ትችላለች።

ለእባቡ የሚሰጠው አይጥ ከእባቡ ወፍራም የሰውነት ክፍል ብዙ የማይበልጥ፣ አስቀድሞም የተገደለ ይሁን፤ በሕይወት ያለ አይጥ እባቡን ነክሶ ያቆስላል።