መፍትሄ ቶሎ መግለጥ ያቆምኩት እንዲህ ነው

ፑትናም የተባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሒሳብ ውድድር 12 ጥያቄ አለው፤ በሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እያንዳንዱ 3 ሰዓት። እኔ ስለማመድ ግን 10 ደቂቃ እንኳ ሳልታገል መፍትሄውን እገልጥ ነበር። ሳነበው ይገባኛል፤ ባዶ ወረቀት ፊት ግን ድርቅ እላለሁ።

የፈታልኝ ቁጥሩን ማሳነስ ነው። ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች 51 ብንመርጥ አንዱ ሌላውን ያለ ቀሪ እንደሚያካፍል አረጋግጡ ይላል ጥያቄው። እስከ 6 ብቻ ወስጄ አራት ቁጥሮች መረጥኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ኢ-ተጋማሽ (ለ2 የማይካፈል) ቁጥር በ2 እየደጋገምኩ በማባዛት ቡድን ሠራሁ። 1፣ 2 እና 4 አንድ ቡድን ሆኑ፤ 3 እና 6 ሌላ፤ 5 ብቻውን። ቡድኑ ሶስት፣ ቁጥሩ አራት! ስለዚህ ሁለቱ የግድ አንድ ቡድን ውስጥ ይገባሉ፤ ትንሹም ትልቁን ያካፍላል። እስከ 100 ደግሞ ኢ-ተጋማሾቹ 50 ናቸው፤ ቡድኑም 50። በቃ፣ አለቀ።

አሁን አንድ ሰዓት ሳልሞክር መልስ አላይም። ካየሁም በማግስቱ ከባዶ እጽፈዋለሁ።