የወፍ መንጋ ስትቆጥሩ ለሚምታታባችሁ

ጅማ ቦዬ ረግረግ ላይ ወደ ማታ ሳቢሳ ለመቁጠር የሞከረ ያውቀዋል፤ ሠላሳ ላይ ስትደርሱ ግማሹ ብድግ ይልና እንደገና ከአንድ መጀመር ነው። መላው ቀላል ነው። መንጋውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቤት ስትገቡ የፎቶ ማስተካከያው ውስጥ ያለችውን ብዕር ክፈቱና እያንዳንዱ ወፍ ላይ ነጥብ አድርጉ፣ 50 በሞላ ቁጥር ቀለም ቀይሩ፤ ቀይ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ እንዲያ እያላችሁ። ወፉ አይንቀሳቀስም፣ ነጥብ ያለበትን ደግሞ ሁለቴ አትቆጥሩትም። ኢበርድ ላይ (ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት መተግበሪያ ነው) ስትመዘግቡም ኤክስ፣ ማለትም ‘አይቻለሁ፣ አልቆጠርኩም’ ብሎ ከማለፍ ቁጥር መጻፉ በጣም ይሻላል፤ የአምናውን ከዘንድሮው ማነጻጸር የሚቻለው በቁጥር ነዋ!

ሣር ውስጥ ለተሸሸጉ ዳክዬዎች ግን አይሠራም፣ ፎቶው ግማሹን ይውጠዋል። እዚያ ላይ ቁጭ ብሎ በዓይን መጠበቅ ነው። ጥሩ ፎቶ ፍለጋ ብላችሁም አትጠጓቸው።