ጥልፍ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን ተጠንቀቁ

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጥልፍ ማኅበራችን አዲስ ሰው ሲመጣ ደስ ይለኛል። ጉጉታቸውን እወደዋለሁ። አንዳንድ ስህተቶችን ግን ደጋግሜ እያየሁ ዝም ማለት አቅቶኛል።

ሸማውን ሳይነክሩ መጥለፍ

እባካችሁ ይሄን ተዉ! ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ነው የሚሠራው። ጨርቁ ውሃ ሲያገኝ ይሰበሰባል። ጥልፉ ያረፈበት ቦታ ግን በክር ተይዟል፣ እኩል አይሰበሰብም። አንዲት አባላችን ለልጇ መልስ የጠለፈችውን ቀሚስ ይዛ መጥታ ነበር። ከደረት እስከ ጫፍ የሚወርድ መስቀል፣ ወራት የፈጀ ሥራ። አንዴ ብቻ ታጥቦ መሃሉ አብጧል፣ ዙሪያው ተጨማዷል፣ የመስቀሉ ክንዶች ተጣመዋል። በካውያ ብንለው ብንሠራው አልመለስ አለ። «አዲስና ንጹህ ጨርቅ ለምን ይታጠባል?» ይሉኛል። ለንጽህና አይደለም፣ አስቀድሞ እንዲሰበሰብ ነው! ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ አሳድሩት። ሳትጠመዝዙ ጥላ ላይ አስጡት፣ ትንሽ እርጥበት እያለው ተኩሱት። ንድፍ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨርቁ የሚቆረጥም ከሆነ ከመቀሱ በፊት ይነከር።

በእስክሪብቶ መንደፍ

አይለቅም። እርሳስ በስሱ ተጠቀሙ።

ቀይ ክርን ማመን

ርካሽ ቀይና ጥቁር ክር ቀለም ይለቃል፣ ነጭ ቀሚስ ላይ ደግሞ መሸሸጊያ የለውም። ቁራጭ ክር አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ መሃል ተጫኑት። ጨርቁ ከቀላ ያንን ክር ለሌላ ነገር አድርጉት።

ረጅምና ወፍራም ክር

መርፌ ደጋግሞ መሰካት ስለሚሰለች ሁለት ክንድ ክር የሚያስገባ አለ። ክሩ ጨርቁን ባለፈ ቁጥር ይፋቃል፣ መጨረሻው ላይ ጸጉር ያወጣል፣ ይቋጠራል። ከክርናችሁ እስከ ጣታችሁ ጫፍ ይበቃል። ደግሞ ዲኤምሲ የሚባለው የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው የገቡበት ነው። ስድስቱንም ለስስ ሸማ ስትጠቀሙ ጨርቁ ይጎተታል። አንድ በአንድ መዛችሁ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ብቻ ግጠሙ።

አንድ መስቀል በሁለት እጅ

ይሄ የማኅበር ችግር ነው፣ የሚመጣውም ከቅንነት ነው። ሠርግ ሲደርስ «አምጪ ላግዝሽ» እንባባላለን። አንዷ ክር ታጠብቃለች፣ ሌላዋ ታላላለች፣ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ማገዝስ እናግዝ፤ ደረቱን የጀመረችው ትጨርሰው፣ ሌላዋ እጅጌዎቹን ሁለቱንም ትውሰድ።